ስር የሰደደ ሕመም ላለባት ሴት የወሊድ መቆጣጠሪያ ማማከር፦ ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ዝርዝር መመሪያ

«ግፊት ስላለብሽ አይስማማሽም።»

ይህን ተብላ ከቤተሰብ ዕቅድ ክፍል ባዶ እጇን የወጣች ሴት በየጤና ጣቢያው አለች። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እኔም ብዬዋለሁ። ሴትየዋ አራት ልጆች የወለደች፣ የደም ግፊት መድኃኒት ከጀመረች ገና ጥቂት ወራት የሆናት ነበረች። ክኒን ፈልጋ መጣች። ስለካት 150/95 ሆነ፤ «ግፊትሽ ሲስተካከል ተመለሺ» ብዬ ሸኘኋት። ተመልሳ የመጣችው ግን ወደ እርግዝና ክትትል ክፍል ነው፤ ፊቷ አብጦ፣ ራስ ምታት እያሰቃያት፣ ግፊቷም 170/110 ደርሶ። የሪፈር ወረቀቱን እየጻፍኩላት ነው ነገሩ የገባኝ። ክኒኑን መከልከሌ ልክ ነበር፤ ባዶ እጇን መሸኘቴ ግን ጥፋት ነበር። እዚያው ክፍል፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ ለእሷ የሚሆን ሌላ ዘዴ ተቀምጦ ነበር።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው፦ የዘዴውን አደጋ ብቻውን አንመዝንም፤ ሁልጊዜ ከማይፈለግ ወይም ጊዜውን ካልጠበቀ እርግዝና አደጋ ጋር አስተያይተን እንመዝናለን። የልብ፣ የግፊት፣ የስኳር ወይም የሚጥል በሽታ ላለባት ሴት ያልታሰበ እርግዝና ከማንኛውም መርፌና ሉፕ (ማህፀን ውስጥ የሚቀመጥ መከላከያ) የከበደ ነው።

የተጻፈው በጤና ጣቢያና በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ለሚሠሩ ነርሶች፣ አዋላጆችና ጤና መኮንኖች ነው። ሕመሙ ያለባት ሴት ራሷ ብታነበውም ደስ ይለኛል፤ ምን መጠየቅ እንዳለባት ታውቅበታለች።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በክትትል ክፍሉ ውስጥ ያንሱት

ዋናው ችግር በሩ ሁለት መሆኑ ነው። ሴትየዋ በየወሩ ለግፊት ወይም ለስኳር መድኃኒት የምትመጣው በአንድ በር፣ የወሊድ መቆጣጠሪያው ያለው በሌላ በር ነው። በክትትሉ ክፍል ያለነው «ይህ የእነሱ ሥራ ነው» እንላለን፤ በቤተሰብ ዕቅድ ክፍል ያሉት ደግሞ ሕመሟን ሲሰሙ ይፈሩና ወደ እኛ ይመልሷታል። መሃል ላይ የምትቀረው እሷ ናት።

መፍትሔው ቀላል ነው። ለመውለድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት ሁሉ መድኃኒቷን ልትወስድ ስትመጣ አንድ ጥያቄ ይጠየቅ፦ «በሚቀጥለው አንድ ዓመት ውስጥ መውለድ ታስቢያለሽ?» መልሱ አዎ፣ አይ ወይም «እንጃ» ሊሆን ይችላል፤ ሦስቱም ሥራ አላቸው። አዎ ካለች ከእርግዝናው በፊት መድኃኒቷን ማስተካከል ይጀመራል። አይ ካለች ወደሚቀጥለው ደረጃ ይለፉ። «እንጃ» ካለች ደግሞ ጊዜ ይስጧት፤ ብዙ ጊዜ ከዚያ ቃል በስተጀርባ ባል፣ አማት ወይም የሞተ ልጅ አለ።

አብሯት የመጣ ሰው ካለ በትህትና ያስወጡት። «የግፊት መለኪያ ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ትንሽ ውጭ ይጠብቁን» ማለት ማንንም አያስቀይምም። በዕድሜ የገፉ መስለው የሚታዩ እናትንም አይዝለሏቸው። 45 ዓመት ሞልቷቸው የወር አበባቸው ያልቆመ እናት ሊያረግዙ ይችላሉ፤ የግፊትና የስኳር ሕመም የሚበረታውም በዚሁ ዕድሜ ነው።

ደረጃ 2፦ ከመምረጥ በፊት አራት ነገር ይወቁ

መጀመሪያ፣ ሕመሙ ምን እንደሆነና የት እንደደረሰ። «ስኳር አለባት» ብቻውን አይበቃም፤ ዓይኗን፣ ኩላሊቷን ወይም የእግሯን ነርቭ ነክቷል ወይ? ስንት ዓመት ሆናት? «ልብ አለባት» ሲባልም የትኛው ቫልቭ፣ ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች ወይ?

ሁለተኛ፣ የምትወስደው መድኃኒት ሁሉ። ስም አትጠይቋት፤ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ታራግፈው። አንዴ አንዲት ልጅ «የራስ ምታት መድኃኒት ነው» ብላ ያወጣችው ፌኖባርቢታል ነበር። የሚጥል በሽታ እንዳለባት ጎረቤት እንዳይሰማ ብላ ለዓመታት ራስ ምታት ስትለው ኖራለች። ያ አንድ ብልቃጥ ምርጫውን ሁሉ ቀየረው።

ሦስተኛ፣ የደም ግፊት። ይህን በደንብ መለካት ከሁሉም ይበልጣል። አምስት ደቂቃ ትቀመጥ፣ ጀርባዋ ይደገፍ፣ እግሯ መሬት ይንካ፣ ክንዷ በልቧ ልክ ይረፍ። ተራ ስትጠብቅ ቡና ጠጥታ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። የነጠላዋን ጫፍና የሹራቧን እጅጌ ሳያነሱ ከላይ አይጠምጥሙ። እጅጌው ሲነሣ ሌላም ነገር ይታያል፦ መጠቅለያውን ስታስሩ ጣታችሁ በክንዷ ውስጠኛ በኩል ከቆዳ ስር የክብሪት እንጨት የመሰለ ነገር ከነካ፣ ሳትነግራችሁ የቆየች ኢምፕላንት አላት ማለት ነው። መቼ እንደተቀበረ ይጠይቋት። ጊዜው ያለፈበትን ተሸክማ «መከላከያ አለኝ» ብላ የምትኖር ሴት ብዙ ናት። በአንድ ቀን ከፍ ያለ ንባብ ብቻ ተነሥተው ደግሞ ግፊት አለብሽ አይበሏት፤ ሌላ ቀን ይድገሙት።

አራተኛ፣ እርጉዝ አለመሆኗ። የሽንት ምርመራ ቢጠፋም በጥያቄ ማወቅ ይቻላል። የወር አበባዋ ካየች 7 ቀን ካልሞላ፤ ከመጨረሻ የወር አበባዋ ወይም ከወለደች ወዲህ ግንኙነት ካላደረገች፤ ከወለደች 4 ሳምንት ካልሞላ፤ ፅንስ ከወረደባት 7 ቀን ካልሞላ፤ ከወለደች 6 ወር ሳይሞላ ጡት ብቻ እያጠባች የወር አበባ ካላየች፤ ወይም አስተማማኝ ዘዴን በትክክል እየተጠቀመች ከሆነ፣ ከእነዚህ አንዱን እንኳ አዎ ካለችና የእርግዝና ምልክት ከሌላት መጀመር ትችላለች። «የወር አበባሽ ሲመጣ ተመለሺ» ማለት ብዙ እርግዝና ያስከተለ አጉል ልማድ ነው።

የማያስፈልገውንም ልንገራችሁ። ለመርፌ፣ ለኢምፕላንት ወይም ለክኒን የማህፀን ምርመራ፣ የጉበት ምርመራም ሆነ የኮሌስትሮል ምርመራ ቅድመ ሁኔታ አይደለም። ላብራቶሪ እየላኩ ሴትን ማመላለስ የመከልከያ ሌላ መልኩ ነው።

ደረጃ 3፦ አራቱን ምድቦች ይጠቀሙ

የዓለም ጤና ድርጅት ከ1996 ጀምሮ ለየሕመሙ የትኛው ዘዴ እንደሚሆን የሚያሳይ መስፈርት ያወጣል (ዓመቶቹ በዚህ ጽሑፍ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ ጤና ጣቢያ ውስጥ ዊል የሚባለው ክብ ካርቶን አለ፤ መሳቢያ ውስጥ ከተቀበረ አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ያኑሩት። ምድብ 1 ያለ ገደብ መጠቀም ይቻላል ማለት ነው። ምድብ 2 ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል፣ ይሰጥ። ምድብ 3 ጉዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል፤ ሌላ አማራጭ ጠፍቶ ሐኪም ካላየው በቀር አይሰጥም። ምድብ 4 በፍጹም አይሰጥም። በጤና ጣቢያ ደረጃ ቀለል ሲል፦ 1 እና 2 ይሰጣል፣ 3 እና 4 ወደ ሌላ ዘዴ ይዞራል።

ከሁሉ በላይ የሚያምታታን «ሆርሞን» የሚለው ቃል ነው። ሆርሞን ሁሉ አንድ አይደለም። የተለመደው ክኒን ኤስትሮጅንና ፕሮጀስቲን የተባሉ ሁለት ሆርሞኖችን ይዟል፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርገውና ግፊት የሚያወጣው በዋናነት ኤስትሮጅኑ ነው። ዴፖ (በየሦስት ወሩ የሚወጋው መርፌ)፣ ኢምፕላንትና የሚያጠቡ እናቶች የሚወስዱት ክኒን ኤስትሮጅን የላቸውም። የመዳብ ሉፕ ደግሞ ምንም ሆርሞን የለውም። ይህችን ልዩነት የጨበጠ ባለሙያ ከሠንጠረዡ ግማሹን በቃሉ ያዘ ማለት ነው።

ደረጃ 4፦ ሕመሙንና ዘዴውን ያገናኙ

*የደም ግፊት።* 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለት ሆርሞን ያለው ክኒን ምድብ 3 ነው፤ በመድኃኒት ተስተካክሎ የሚገኝም ቢሆን ምድቡ አይቀየርም። 160/100 ከደረሰ ምድብ 4። ዴፖ ከ160/100 በታች ምድብ 2፣ ከዚያ ጀምሮ ምድብ 3። ኢምፕላንት ግን ከ160/100 በታች ምድብ 1፣ ከዚያ በላይም ምድብ 2 ነው። የመዳብ ሉፕ በማንኛውም ግፊት ምድብ 1። እንግዲህ ያቺ 150/95 የነበረችው ሴት ኢምፕላንት፣ ሉፕ ወይም ዴፖ በዚያው ቀን ልታገኝ ትችል ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ቋንቋችን አንድ ነገር። እኛ «የደም ግፊት» የምንለውን ሕዝቡ «ደም ብዛት» ይለዋል። ዴፖ ከጀመሩ ሴቶች ወደ ግማሽ የሚጠጉት በዓመቱ የወር አበባቸው ይቆማል። ደም ብዛት አለብሽ የተባለች ሴት የወር አበባዋ ሲቆም ምን ታስባለች? «ደሙ ውስጤ ተጠራቀመ፣ ደም ብዛቴን ጨመረው።» ይህ ለእሷ አሉባልታ ሳይሆን ከሕመሟ ስም የተነሣ ትክክለኛ ስሌት ነው። ስለዚህ መርፌውን ከመውጋትዎ በፊት ያስረዷት፦ ደም ብዛት ማለት ደም መብዛት ሳይሆን ደሙ በጠበበ ቧንቧ ውስጥ በኃይል መሄዱ ነው፤ መርፌው ደግሞ የማህፀኗን ሽፋን ስለሚያሳሳ የሚወርድ ደም አይኖርም፣ የተጠራቀመም የለም። ይህን ያልሰማች ሴት ሁለተኛውን መርፌ ትታ፣ የግፊት መድኃኒቷንም አብራ ስታቆም አይቻለሁ።

ኢናላፕሪል የተባለውን የግፊት መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህ መድኃኒት የፅንሱን ኩላሊት ይጎዳል። ለመውለድ ካሰበች አስቀድማ ትምጣ፣ መድኃኒቱ ይቀየርላታል።

*የስኳር በሽታ።* ዓይን፣ ኩላሊት፣ ነርቭና የደም ሥር ካልተነካ ሁሉም ዘዴ ይሆናታል፤ የሆርሞኖቹ ምድብ 2፣ የመዳብ ሉፕ ምድብ 1። ከተነካ ወይም ስኳሩ ከ20 ዓመት በላይ ከቆየ ሁለት ሆርሞን ያለው ክኒን ምድብ 3 ወይም 4፣ ዴፖ ምድብ 3 ይሆናል፤ ኢምፕላንት ምድብ 2፣ የመዳብ ሉፕ ምድብ 1 ሆነው ይቆያሉ። የፅንሱ ልብና ጀርባ አጥንት የሚሠራው ሴትየዋ መርገዟን እንኳ ሳታውቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው፤ ስኳሯ ከፍ ባለበት ጊዜ ማርገዝ የሌለባት ለዚህ ነው። «ስኳርሽ እስኪስተካከል» ማለት እርግዝናን እንጂ መከላከያን ማዘግየት አይደለም።

*የሚጥል በሽታ።* በሽታው ራሱ አንዱንም ዘዴ አይከለክልም። ጣጣው ከመድኃኒቱ ነው። በአገራችን ጤና ጣቢያዎች በብዛት የሚሰጠው ፌኖባርቢታል፣ እንዲሁም ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ጉበትን እያነቃቁ የወሊድ መቆጣጠሪያውን ሆርሞን ቶሎ ያስወግዱታል። በዚህ ምክንያት ክኒን (ሁለቱም ዓይነት) ምድብ 3 ነው። ኢምፕላንት ምድብ 2 ቢሆንም አቅሙ ይቀንሳል። ዴፖና ሉፕ ግን ምድብ 1 ናቸው። እኔ እነዚህን መድኃኒቶች ለምትወስድ ሴት መጀመሪያ የማስተዋውቃት ዴፖና ሉፕን ነው። ኢምፕላንት ከመረጠች አልከለክላትም፤ ኮንዶም እንድትጨምርበት እነግራታለሁ።

ሶዲየም ቫልፕሮኤት ከሆርሞኖቹ ጋር አይጋጭም፤ ለፅንሱ ግን ከሁሉም የከፋው እሱ ነው። በእርግዝና ጊዜ ከወሰዱት እናቶች ከሚወለዱ 100 ሕፃናት 10 ያህሉ ከአካል ጉድለት ጋር ይወለዳሉ፤ ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ደግሞ በአእምሮ ዕድገት ይቸገራሉ። ቫልፕሮኤት የምትወስድ ልጃገረድ ካገኙ መድኃኒቷን በራስዎ አያቋርጡ፤ በድንገት ማቆም ሕይወት ይቀጥፋል። አስተማማኝ መከላከያ በዚያው ቀን ይስጧት፣ መድኃኒቱ ስለሚቀየርበት ሁኔታም ወደ ሐኪም ይላኳት። ላሞትሪጂን የምትወስድ ካጋጠመችዎ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ኤስትሮጅን ያለው ክኒን የላሞትሪጂኑን መጠን ስለሚያወርደው መጣሉ ይመለስባታል። ለእሷ መርፌ፣ ኢምፕላንት ወይም ሉፕ ይሁን።

*የሳንባ ነቀርሳ።* የነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲንም እንደ ፌኖባርቢታል ጉበትን ያነቃቃል፤ ከዚያም ይብሳል። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው፤ የሪፋምፒሲን ጫና ደግሞ መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ እስከ አራት ሳምንት ይዘልቃል። ክኒን ስትወስድ የነበረችን ሴት ሕክምናውን በጀመረችበት ቀን ወደ ዴፖ ያዙሯት፤ የመርፌውን ጊዜ ማሳጠር አያስፈልግም። ሕክምናው ሲጀመር፣ በሦስተኛው ወርና በስድስተኛው ወር ቢወጋ ጊዜውን በሙሉ ይሸፍናል። የማህፀን አካባቢ ነቀርሳ ላለባት ሉፕ ማስገባት ምድብ 4 ነው።

*ኤች አይ ቪ።* አሁን አብዛኛው ሰው የሚወስደው ዶሉቴግራቪር ያለበትን ነው፤ ከመከላከያዎቹ ጋር አይጋጭም። በ2018 ከቦትስዋና የወጣ መረጃ ዶሉቴግራቪር የፅንሱን ጀርባ አጥንት ይጎዳ ይሆናል የሚል ስጋት አሳድሮ ነበር፤ መረጃው እየበዛ ሲሄድ ስጋቱ አልጸናም። ያንን ወሬ ይዛ እስከዛሬ የምትፈራ ሴት ካለች ይንገሯት። ኢፋቪሬንዝ ላይ ያለች ግን ኢምፕላንቷ ሊደክም ይችላል፤ ዴፖ አይነካም። በሽታው በጠናበት ደረጃ ላይ ላለች ሉፕ አዲስ ማስገባት ምድብ 3 ነው፤ አስቀድሞ ካላት ግን አይወጣም። ኮንዶም ከየትኛውም ጋር ይደረብ። ሌላው ደግሞ፦ ቫይረሱ በደሟ ስላለ ብቻ «አትውለጂ» የሚል ግፊት ከማንም ሊመጣባት አይገባም። መውለድ የምትፈልግ ከሆነ የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ እስኪደርስ የምትጠብቅበትን ጊዜ እናቅድላት።

*የልብ ቫልቭ ሕመም።* ይህን ለመጻፍ ስቀመጥ የወጣቶቹ ፊት ይመጣብኛል። በልጅነት ከቶንሲል በኋላ የመጣ የሩማቲክ ትኩሳት ቫልቩን አጥብቦት፣ ልጅቷ ደህና መስላ ታገባለች። በእርግዝና ጊዜ ደሟ እስከ ግማሽ ሲጨምር ጠባቡ ቫልቭ አያሳልፈውም፤ ውሃው ወደ ሳንባዋ ይመለሳል። ቀለል ላለ የቫልቭ ሕመም ሁለት ሆርሞን ያለው ክኒን ምድብ 2 ነው፤ የሳንባ ደም ሥር ግፊት፣ የተዛባ የልብ ምት ወይም ቀድሞ የያዛት የልብ ውስጥ ኢንፌክሽን ካለ ግን ምድብ 4። ዴፖና ኢምፕላንት በሁለቱም ሁኔታ ምድብ 1 ናቸው። ሉፕ ለከበደው ሕመም ምድብ 2 ነው፤ ማስገባቱ ግን ሆስፒታል ቢሆን እመርጣለሁ።

ጠቃሚ ዘዴ ልንገራችሁ። እነዚህ ልጆች የሩማቲክ ትኩሳቱ እንዳይመለስባቸው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን በየአራት ሳምንቱ ይወጋሉ። በየሦስተኛው ቤንዛቲን ዴፖውን አብራችሁ ስጧት፤ 12 ሳምንት ላይ ይውላል፣ ሌላ ቀጠሮ አያስፈልጋትም፣ ማንም «ለምን ሄድሽ?» አይላትም።

ዋርፋሪን የተባለውን ደም ማቅጠኛ የምትወስድ ሴት በተለይ ትታሰብ። መድኃኒቱ ወደ ፅንሱ ያልፋል፤ ከስድስተኛው እስከ አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ያለው ጉዳት ከባድ ነው። የመዳብ ሉፕ የወር አበባን ስለሚያበዛ ደም ማቅጠኛ ለምትወስድ ብዙ ጊዜ አይመችም፤ ኢምፕላንት ወይም የወር አበባን የሚቀንስ ዴፖ ይሻላታል። መርፌ የተወጋችበትን ቦታ ሳታሽ ለጥቂት ደቂቃ ጫን አድርጋ ትያዘው።

የቀሩትን በአጭሩ ልለፍ። ብልጭታ ወይም የዓይን መጋረድ የሚቀድመው ማይግሬን ካለባት ሁለት ሆርሞን ያለው ክኒን በማንኛውም ዕድሜ ምድብ 4። እግሯ ላይ ደም ረግቶባት የሚያውቅ ከሆነም እንዲሁ። የጡት ካንሰር ላለባት ሆርሞን ያለው ሁሉ ምድብ 4፣ የመዳብ ሉፕ ብቻ ምድብ 1። የከፋ የጉበት ሲሮሲስ ላለባትም የመዳብ ሉፕ ይሻላል። ተሸካሚ ለሆነች ወይም ለቆየ የጉበት ቫይረስ ግን ሁሉም ይሆናል። እንቅርትና ድብርት ምንም አይከለክሉም። ደም ማነስ ላለባት የመዳብ ሉፕ ምድብ 2 ነው፤ ዴፖና ኢምፕላንት ምድብ 1።

ደረጃ 5፦ እሷ የምትፈልገውን ይስሙ

እስካሁን ያለው የሚነግረን የሚቻለውን ነው። ከሚቻለው ውስጥ የምትመርጠው እሷ ናት። በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ካገቡ ሴቶች 41 በመቶው ዘመናዊ ዘዴ ይጠቀሙ ነበር፤ ከመቶው 27ቱ መርፌ። መርፌ የበዛው ተመራጭ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ ሌላው ስላልተነገረ ነው።

የመሳት ዕድሉን በሰው ቁጥር ይንገሯት። በአንድ ዓመት ከ100 ክኒን ተጠቃሚዎች 7 ያህሉ፣ ከ100 መርፌ ተጠቃሚዎች 4 ያህሉ ያረግዛሉ። በመዳብ ሉፕ ከ100 አንድ አትሞላም፤ በኢምፕላንት ከ1,000 አንዷ ናት። እርግዝና ሕይወቷን አደጋ ላይ ለሚጥል ሴት ይህ ልዩነት ትልቅ ነው።

ስለ መድማት በግልጽ ይነጋገሩ። ኢምፕላንትና መርፌ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ ጊዜው ጠብ ጠብ የሚል ደም ያመጣሉ። ይህ ለኦርቶዶክስ ምእመን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመግባትና ከመቁረብ መቅረት ሊሆን ይችላል፤ ለሙስሊም እህት ደግሞ የሶላትና የጾም ጥያቄ ነው። በካርዱ ላይ «ቀላል የጎንዮሽ ጉዳት» ብለን የምንጽፈው ለእሷ የፋሲካን ቁርባን ያሳጣታል። አስቀድማ ካወቀች ግን ጊዜውን ትመርጣለች፣ ወይም የንስሐ አባቷን ወይም ሼኳን ትጠይቃለች፣ ወይም ሉፕ ትወስዳለች።

መቼ መውለድ እንደምትፈልግም ወሳኝ ነው። ዴፖ ካቆሙ በኋላ ለማርገዝ ከመጨረሻው መርፌ በአማካይ አሥር ወር ገደማ ይወስዳል። በሚቀጥለው ዓመት ስኳሯን አስተካክላ ማርገዝ ለምትፈልግ ኢምፕላንት ወይም ሉፕ የተሻለ ነው፤ በወጣ ማግስት ተፈጥሮዋ ይመለሳል። ልጅ በቃኝ ላለች ደግሞ ቋሚ ዘዴ አለ። ልቧ የደከመች ሴት ራሷ ኦፕሬሽን ክፍል ከምትገባ ጤነኛው ባሏ የዘር ቧንቧውን ቢያሳስር ቀላል ነው። ጉዳዩን ለማንሳት አንፈር፤ ሚስቱን የሚወድ ባል የሚሰማበት ጊዜ አለ።

ደረጃ 6፦ ዛሬውኑ ይስጡ

መጀመር ከቻለች ዛሬ ትጀምር። ኢምፕላንት የሚቀብር ወይም ሉፕ የሚያስገባ ሰው ዛሬ ከሌለ፣ እስከ ቀጠሮዋ ድረስ መርፌ ወይም ኮንዶም ሳትይዝ አትሂድ። ሪፈር ስትጽፉም እንዲሁ፤ የሪፈር ወረቀት እርግዝና አይከላከልም።

ድንገተኛ መከላከያ እንዳለ ለሁሉም ይንገሩ። ፌኖባርቢታል፣ ሪፋምፒሲን ወይም ኢፋቪሬንዝ ለምትወስድ ሴት ግን የተለመደው ፖስት ፒል ይደክማል፤ በአምስት ቀን ውስጥ የሚገባ የመዳብ ሉፕ የተሻለው ነው። እሱ ካልተቻለ የፖስት ፒሉን መጠን እጥፍ፣ ማለትም 3 ሚሊግራም ማድረግ ይመከራል።

ቀጠሮውን ከሕመሙ ክትትል ጋር ያጋጥሙት። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የስድስት ወር ለምትወስድ በሦስተኛው ወር ለዴፖ ብቻ መምጣት ይከብዳት ይሆናል፤ በሰፈሯ ጤና ኬላ ትወጋ፣ ወይም ኢምፕላንት ትምረጥ። ቀኑን ስትጽፉ ጳጉሜን አትርሱ። ሰኔ 10 ለተወጋች «መስከረም 10 ነይ» ስንል 95 ቀን ሰጠናት። ዴፖ እስከ አራት ሳምንት ቢዘገይ ሊሰጥ ስለሚችል ጉዳት የለውም፤ ግን የዘገየችው እሷ አይደለችም፣ አንቆጣት።

በሁለቱም ካርዶች ላይ ይጻፉ። የክትትሉ ካርድ ላይ «ኢምፕላንት፣ የሚወጣው በዚህ ቀን»፤ የቤተሰብ ዕቅዱ ካርድ ላይ «ፌኖባርቢታል ትወስዳለች»። ቤት ውስጥ መታየት የማትፈልግ ከሆነ ካርዱ እኛ ጋ ይቅር።

ደረጃ 7፦ በየክትትሉ ይከልሱ

መድኃኒት በተቀየረ ቁጥር መከላከያው ይከለስ። የነቀርሳ ሕክምና ስትጀምር፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቷ ሲለወጥ፣ ግፊቷ 160/100 ሲያልፍ፣ የስኳር ሕመምተኛዋ ዓይኗ መጋረድ ሲጀምር፣ ትናንት ምድብ 1 የነበረው ዛሬ ላይሆን ይችላል። ክኒን የምትወስድ ሴት አንድ እግሯ ብቻ ካበጠ፣ ደረቷን ወጋ አድርጎ ትንፋሽ ካጠራት፣ ወይም እስከዛሬ አይታው የማታውቀው ራስ ምታት ከያዛት ክኒኑን አቁማ በዚያው ቀን ትምጣ።

እና አንድ ቀን «አሁን መውለድ እፈልጋለሁ» ብላ ስትመጣ፣ ኢምፕላንቱን ለማውጣት ከመቸኮል በፊት ተቀመጡ። ግፊቷ፣ ስኳሯ፣ መድኃኒቷ ይታይ፤ ፎሊክ አሲድ ትጀምር፤ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስድ በቀን 5 ሚሊግራም። ልቧ የታመመች ከሆነ የልብ ሐኪም ሳያያት አይውጣ፤ ምክሩን ሰምታም ማውጣት ከፈለገች ግን የሷ ክንድ ነው፣ ይወጣላታል። ኢናላፕሪሉ ሲቀየር፣ ስኳሯ ሲወርድ፣ ያን ጊዜ ክንዷን ዘርግታ ትመጣለች፤ እናንተም የቀበራችሁትን ራሳችሁ ታወጡላታላችሁ።